የሰዎቹ ሣጥን

ሰውየው በካርዱ ጥግ ጥርሱን ጎረጎረ። ከዚያም ጥጉን በሱሪው ጠረገና ካርዱን ወደ ሣጥኑ መለሰው። የመለሰውም ከወሰደበት ቦታ አልነበረም።

ባለቤቴ ከተቀበረ ሁለት ሳምንት ሆኖታል። ድንኳኑ ተነሥቷል፤ ከእድሩ አግዳሚ ወንበሮች ሁለቱ ግን ገና ሳሎናችን ውስጥ ነበሩ። ሰውየው በአንዱ ላይ ተቀምጦ ጎረቤት ያመጣችውን ምሳ በልቷል። ባለቤቴ ያስተምርበት በነበረው ትምህርት ቤት የጂኦግራፊ መምህር ነው፤ በዕድሜ ከባለቤቴ አሥር ዓመት ያህል ያንሳል። ባለቤቴን «ጋሼ»፣ እኔን «እትዬ» ነው የሚለን። በቀብሩ ዕለት አስከሬኑን ከተሸከሙት አንዱ እሱ ነበር። ስለዚህ ካርዱን አፉ ውስጥ ሲያስገባ አይቼ ዝም አልኩ። የባሏን አስከሬን የተሸከመላትን ሰው፣ ጥርስህን በሌላ ነገር ጎርጉር የምትል ሴት የለችም።

«እትዬ፣ ይሄ ነገር እዚህ ተቀምጦ አይጥ ሲበላው ዝም ብለን ማየት የለብንም» አለኝ። «ጋሼ ስንት ዓመት የለፋበት ነው። ልውሰደውና መጽሐፍ ላድርግለት።»

«ውሰደው» አልኩት።

ሣጥኑን በብብቱ ይዞ ወጣ። በሩ ላይ ዘወር ብሎ፣ «ሌላ ሣጥን ነበረው መሰለኝ፣ የስም ዝርዝር ያለበት» አለ። ፈለግኩለት፤ አጣሁት። «አይቸግርም፣ ዋናው ይሄ ነው» ብሎኝ ሄደ። ያን ጊዜ ልቤ ቦታው ስላልነበረ፣ ከሁለቱ ሣጥኖች ዋናው የትኛው እንደሆነ አልነገርኩትም።

ስለ ሣጥኖቹ መናገር አለብኝ፤ አለበለዚያ ምን እንዳስጸየፈኝ አይገባም።

እኔ ከሃያ ዓመት በላይ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበርኩ። የተወለድኩት ላፍቶ ነው፤ ያን ጊዜ ላፍቶ ጤፍና ስንዴ የሚዘራበት አገር ነበር። ባለቤቴ የወሎ ሰው ነው፤ ታሪክ ያስተምራል። መንግሥት ከተለወጠ በኋላ በነበሩት ዓመታት ማሳው ላይ ችካል መተከል ጀመረ። የመኖሪያ ቤት ሥራ ማኅበራት ዛሬ አንዱን እርሻ ነገ ሌላውን ይከፋፈላሉ። አንድ ቅዳሜ አብረን ስንሄድ፣ ልጅ ሆኜ የማውቀውን መንገድ ፈልጌ አጣሁት። ስሙን ለባለቤቴ ነገርኩት። ኪሱ ውስጥ ወረቀት ፈልጎ ጻፈው። እንዲህ ተጀመረ። የማሳ ስም፣ የዛፍ ስም፣ የመሻገሪያ ስም፣ ለምን እንደዚያ እንደተባለ፣ ማን ከማን ጋር እንደተጣላበት። ሽማግሌዎቹና አሮጊቶቹ የሚናገሩት ኦሮምኛ ነው፤ እሱ ደግሞ ኦሮምኛው ከሰላምታ አያልፍም። አስተርጓሚው እኔ ነበርኩ።

መጀመሪያ በደብተር ነበር የሚጽፈው። አሥራ አንድ ደብተር ከሞላ በኋላ አንድ ነገር ለማግኘት ግማሽ ቀን ይፈልጋል፤ ሳያገኘው ይቀርና ይቆጣል። እኔም በመሥሪያ ቤቴ እንዴት እንደምናደርግ ነገርኩት። አንድ ነገር የሚቀመጠው በአንድ ቦታ ብቻ ነው፤ በሌላው ቦታ ላይ ቁጥሩ ብቻ ይጻፋል። ከመሥሪያ ቤት የሚወገዱትን ያገለገሉ የፋይል ሽፋኖች አምጥቼ በመዳፍ ልክ ቆረጥኩለት። ሁለት የጫማ ሣጥን ባዶ አደረግን። አንዱን የነገሩ ሣጥን፣ ሌላውን የሰዎቹ ሣጥን አልነው።

በነገሩ ሣጥን ውስጥ ባለው ካርድ ላይ፣ ከላይ በቀኝ በኩል የካርዱ ቁጥር ይጻፋል። ከሥሩ ነገሩ። ከነገሩ በታች ከእሱ ጋር የሚሄዱ ካርዶች ቁጥር፤ ስለ ዋርካው የሚናገረው ካርድ ሥሩ ተቀምጠው ስለሚፈርዱት ሽማግሌዎች ወደሚናገረው ይልካል፣ ያኛው ደግሞ ወደ ወፍጮው መንገድ ይልካል። በመጨረሻው መስመር ላይ የተናጋሪው ቁጥር ይሰፍራል። ያን ቁጥር ይዞ ወደ ሰዎቹ ሣጥን የሄደ ሰው የተናጋሪውን ስም ከነአባቱ፣ ሰፈሩን፣ ነገሩን በዓይኑ አይቶ እንደሆነ ወይም ሰምቶ እንደሆነ፣ ከሰማም ከማን እንደሰማ ያገኛል። መጽሐፍም እንደ ሰው ነበር የሚቆጠረው። ከመጽሐፍ የወሰደው ነገር ካለ ጸሐፊው፣ አሳታሚውና መጽሐፉ የሚገኝበት ቤተ መጻሕፍት ተጽፎ እዚያው ከገበሬዎቹ መሐል ይገባል። «መጽሐፍስ የሚያወራው ሰው አይደል?» ይል ነበር።

ተናጋሪው የሞተ እንደሆነ ባለቤቴ ከስሙ አጠገብ ትንሽ መስቀል ያደርጋል። ለክርስቲያኑም ለሙስሊሙም ያው መስቀል ነው። ይሄ ልክ አይደለም ብዬው ነበር። «ምልክት እኮ ነው እንጂ ሃይማኖት አይደለም» አለኝ። በዚህ ነገር አንድ እሑድ ሙሉ ተኳርፈናል።

ሕጉ አንድ ነው። የተናጋሪው ካርድ ሳይጻፍ የነገሩ ካርድ አይጻፍም። ሕጉን ያመጣልን ደግሞ አንድ የለቡ ሽማግሌ ናቸው። ቤታቸው ከወንዙ በላይ ነው። የሄድን ዕለት ባለቤቴ እርሳሱን ሲያወጣ እጃቸውን አነሡ።

«መጀመሪያ ስሜን ይጻፍ» አሉኝ በኦሮምኛ።

ነገርኩት፤ ጻፈ።

«አሁን ያንብበው።»

አነበበ።

«ጣቴን ያኑርበት።»

ባለቤቴ የሽማግሌውን ጣት ይዞ ስማቸው ላይ አስቀመጠው። ስማቸው አጭር ነው። ጣታቸውን ከላዩ ሳያነሡ፣ «ከዚህ በፊት አንድ የመንግሥት ሰው መጥቶ ቀኑን ሙሉ ሲጠይቀኝ ዋለ» አሉ። «ሲሄድ የጫማውን ጭቃ በደጄ ድንጋይ ላይ ፈግፍጎ ሄደ። ስሜን አልጠየቀኝም። ይሄስ?»

ባለቤቴ፣ «ነገርዎ በሄደበት ሁሉ ስምዎ አብሮ ይሄዳል በያቸው» አለኝ። እኔም አልኳቸው። ቃሉን የሰጠው እሱ ነው፤ የወጣው ግን ከእኔ አፍ ነው፤ ሽማግሌው የሰሙት የእኔን ድምፅ ነው።

ከዚያ በኋላ ነው የበሬውን ነገር የነገሩን። ሁለት ወንድማማቾች በድንበር ተጣልተው፣ አንደኛው የሌላውን መሬት ሊገፋ ሲያርስ በሬው መሐል ላይ ተኛ። ቢገርፉት፣ ቢጎትቱት አልነሣ አለ። በሬው የተኛበት ቦታ ድንበር ሆነ፤ ማሳውም በበሬው ስም ተጠራ። ሽማግሌው ይህን የሰሙት ከአክስታቸው ነው። ይህ ሁሉ በካርዱ ላይ አለ። አሁን በማሳው ላይ የቆርቆሮ አጥርና የአሸዋ ክምር ነው ያለው።

መምህሩ ሣጥኑን የወሰደው በጥቅምት ነው። በዐቢይ ጾም መግቢያ ላይ በታይፕ የተመታ ረቂቅ ይዞ መጣ። ጥቁር ልብሴን ለብሼ፣ መነጽሬን አድርጌ በመስኮቱ አጠገብ አነበብኩት። የመጀመሪያው ገጽ «አበው እንደሚሉት» ብሎ ይጀምራል። ሁለተኛው ገጽ ላይ ሁለት ጊዜ አለ። አራተኛው ገጽ ላይ በሬው ተኝቷል፤ እሱም አበው እንደሚሉት ነው። ከተናጋሪዎቹ ሲሶው ሴቶች ናቸው፤ አንዲት ዓይነ ስውር አሮጊት ምጥ ሲይዛቸው ስለተደገፉት ዛፍ የነገሩን እንኳ አበው እንደሚሉት ሆኗል። ከእያንዳንዱ ነገር ሥር የነበረው ቁጥር የለም። አንድም አልተረፈም።

ወረቀቱን ጭኔ ላይ አስቀምጬ እጄን ማጠብ አማረኝ። ጓዳ ገብቼ ታጠብኩም። ስመለስ መምህሩ አውራ ጣቱን እየላሰ ገጽ ይገልጣል።

«የተናጋሪዎቹ ቁጥር የት ሄደ?» አልኩት።

«ቁጥሩ አንባቢን ያደናቅፋል፣ እትዬ።»

«ስማቸውስ?»

«ሣጥኑ የለም አላልሽኝም?»

ከዚያ በፊት አንድም ቀን አንቺ ብሎኝ አያውቅም። ሰውየው በእጁ ረቂቅ ሲይዝ እርስዎነቴ ቀረ።

«ሣጥኑን ካገኘሁት ታስገባዋለህ?»

«ካገኘሽው እናያለን። ከፋሲካ በኋላ ግን ማተሚያ ቤት ይገባል።»

ሁለት ቀን ቤቱን ገለባበጥኩት። የባለቤቴን ኮት ኪስ ሳይቀር ፈተሽኩ፤ ጠመኔ ብቻ ነበር። ልቅሶ ቤት ስንት እጅ እንደሚያልፍበት የደረሰበት ያውቀዋል። ዕቃ ሁሉ ከሳሎን ወደ ጓዳ፣ ከጓዳ ወደ ጎረቤት ይሄዳል። የነገሩ ሣጥን ከሽንኩርት ጆንያ ሥር ነበር የተገኘው፤ እስከ ዛሬ ይሸታል። በሦስተኛው ቀን የባለቤቴ ታላቅ እህት ልትጠይቀኝ መጣች። ልቅሶውን ሁሉ ያዘዘችው እሷ ነበረች። አንቱ ስንባባል የኖርን አይደለንም፤ እንደ እናትም እንደ ጠላትም የምንተያይ ነን።

«ሁለት የጫማ ሣጥን ነበር» አልኳት። «አንዱ ስም ብቻ የተጻፈበት።»

«እሱማ ለአባ ሰጠሁት።»

«ለየትኛው አባ?»

«ለነፍስ አባታችሁ ነዋ። ለአርባው።» ነጠላዋን አስተካከለች። «ወንድሜ የሞቱትን ዘመዶቻችሁን ስም እንዲያ በቁጥር አድርጎ፣ መስቀል አድርጎበት፣ አንቺ ጓዳ ጥለሽዋል። እኔ ባላገኘው ማን ያሳስባቸው ነበር?»

«አንብበሽዋል?»

«ስሙን አንብቤያለሁ። መሠረተ ትምህርት የገባሁት ለምን ይመስልሻል?»

«መስቀል የሌለባቸውስ?»

«እነሱማ በሕይወት ያሉት ናቸው አልኩ። ዘመዳችሁ መብዛቱ ገርሞኛል። ለልቅሶ ግን አንዳቸውም ብቅ አላሉም፤ ታዝቤያቸዋለሁ።»

መቆጣት ነበረብኝ፤ ግን ምን ብዬ እቆጣለሁ? ስም አይታለች፣ መስቀል አይታለች፤ ስምና መስቀል አንድ ላይ ሲታይ ወዴት እንደሚወሰድ ከእኔ የተሻለ ታውቃለች። ያስጠላኝ ሌላ ነገር ነው። አምስት ወር ሙሉ ሣጥኑን ሳልፈልገው መቆየቴ ነው። የሃያ ዓመት የመዝገብ ቤት ሰው፣ የጠፋ መዝገብ ሳትጠይቅ አምስት ወር ተኛች።

የነፍስ አባታችን የሚኖሩት ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ኋላ ነው። ሣጥኑ አልጋቸው ራስጌ ባለው መደርደሪያ ላይ፣ ከመጽሐፋቸው ጎን፣ በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ ነበር። ስሄድ ከነጨርቁ አውርደው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት።

«ልጄ፣ ወገንሽ ብዙ ነው» አሉኝ።

«ዘመዶቼ አይደሉም፣ አባ። ለባለቤቴ ታሪክ የነገሩት ሰዎች ናቸው።»

 ከዚያ በጣታቸው ካርዶቹን ነካ ነካ አደረጉ።

«እኔም እኮ ጠርጥሬያለሁ። ከመሐላቸው ሼኮች አሉ። የእነሱን ስም በቅዳሴ መጥራት አልችልም፤ በሆዴ ነው ያሰብኳቸው። የክርስትና ስም የተጻፈለትም የለም፤ እግዚአብሔር በየትኛውም ስማቸው ያውቃቸዋል ብዬ አለፍኩት።» አንድ ካርድ መዘዙ። «ይሄ ፈረንጅ ግን አስቸገረኝ። መስቀል አለው።»

አየሁት። ባለቤቴ ከቤተ መጻሕፍት ያነበበው የአንድ መንገደኛ መጽሐፍ ነው። ጸሐፊው ከሞተ ብዙ ዘመኑ ነው፤ ባለቤቴም እንደ ልማዱ ምልክት አድርጎበታል።

«መጽሐፍ ነው፣ አባ።»

«እንዲያ ነው?» አሉ። «እኔማ ከነአሳታሚው ነው የጸለይኩለት።»

ባለቤቴ ከሞተ ወዲህ ያን ቀን ነው የሳቅሁት። እሳቸውም ሳቁ፤ ሲስቁ ጢማቸው ካርዱን ነካው። ከዚያ ሌሎች ሦስት ካርዶች ለይተው አሳዩኝ። በእያንዳንዱ ስም አጠገብ በእርሳስ አዲስ መስቀል ተደርጎበታል።

«እኚህን ታኅሣሥ ላይ የቀበርኳቸው እኔ ነኝ። እኚህንም። ሦስተኛዋን ሰው ነግሮኝ ነው፤ ሰውየውን ሁለቴ ጠይቄዋለሁ። ሳይሞቱ መስቀል ማድረግ ነውር ነው፤ ሞተው አለማድረግም ነውር ነው።»

ካርዶቹ በቁጥር ተራቸው እንደነበሩ ነው። አንድም አልተዛባም። አንዳንዱ ላይ ሰም ተንጠባጥቧል፤ ስመለስ ታክሲው ውስጥ በጥፍሬ እየፋቅሁ ሄድኩ። አንዱ ካርድ ከሰሙ ጋር ተላጠና የአንዲት ሴት የአባት ስም ግማሹ ሄደ። ስሙን አውቀው ነበርና ወዲያው በላዩ ጻፍኩት።

ሰኞ ሣጥኑን ይዤ ወደ ትምህርት ቤቱ ሄድኩ። በመምህራን ማረፊያ ክፍል ጥግ ተቀመጥን። የነገሩ ሣጥን ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ክዳኑ የለም፤ ካርዶቹ ላይ የሻይ ብርጭቆ ክብ ማኅተሙን አኑሯል። ጥርስ የተጎረጎረበት ካርድ ጥጉ ተላልጦ ሳየው ወዲያው ለየሁት። የለቡ ሽማግሌ ካርድ ነበር፤ የበሬው።

ካርድ እያነሣሁ ቁጥሩን አነብባለሁ፤ ከሰዎቹ ሣጥን ስሙን አወጣለሁ፤ በረቂቁ ላይ ከቦታው አጠገብ በእርሳስ እጽፋለሁ። ሰውየው ጥቂት ታገሠኝ። ከዚያ ከሣጥኑ ሥር አንድ እስር ካርድ በክር የታሰረ አወጣ።

«ይኸውልሽ» አለ። «ጋሼ ራሱ ከማን እንደሰማ አልጻፈም። እነዚህ ሁሉ መጨረሻቸው ባዶ ነው። እሱ ያላደረገውን እኔ ለምን ላድርገው?»

ክሩን ፈታሁት። አሥራ ዘጠኝ ካርድ ነው። የመጀመሪያው ስለ አንድ ድንጋይ ነው፤ ሴቶች ከገበያ ሲመለሱ ሸክማቸውን አሳርፈው እርስ በርስ የሚያማሙበት ጠፍጣፋ ድንጋይ። እናቴ እዚያ ድንጋይ ላይ ሸክሟን ስታወርድ ቀሚሷን ይዤ እቆም ነበር። ይህን ለባለቤቴ የነገርኩት ሳህን እያጠብኩ ነው። ሁለተኛው ስለ አንድ ማሳ፣ ሦስተኛው እኔና እኩዮቼ ከጅብ ስለምንሸሽበት አቋራጭ። አሥራ ዘጠኙንም አነበብኳቸው። የመጨረሻው መስመር አሥራ ዘጠኙም ላይ ባዶ ነው።

«ከእኔ ነው» አልኩ።

«የቱ?»

«ሁሉም።»

ሳቀ። ክፋት ያለበት ሳቅ አልነበረም፤ ያ ነው የባሰው። «እትዬ፣ ሚስት እኮ ያው ራሱ ናት። እሱማ ከራሱ እንደሰማ ነው የሚቆጠረው።»

አፌ ውስጥ ምራቅ ሞላ። መጀመሪያ የተጸየፍኩት እሱን መስሎኝ ነበር፤ አልነበረም። ሰውየው የተናገረው ባለቤቴ አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ያደረገውን ነው። ለማያውቃት አሮጊት ካርድ ሳይጽፍ አንድ ቃል የማይጽፍ ሰው፣ እዚያው አጠገቡ ቆማ ካርዱን የምትቆርጥለትን ሴት አልጻፈም። ሞቷል፤ ልጠይቀው አልችልም። የሞተን ሰው መጸየፍ እንዴት ያለ ነገር ነው? አርባው ወጥቷል፤ ተዝካሩ ተደግሷል፤ ሰው ሁሉ ደግነቱን እያወራ በልቶ ሄዷል። እኔ ጥቁር ለብሼ በመምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ባሌን ተጸየፍኩት። ይህን ለነፍስ አባቴም አልነገርኩም።

«የሌሎቹን ስም ግን ታስገባለህ» አልኩት ለመምህሩ።

«በመጨረሻው ገጽ ላይ ለአካባቢው አባቶች ምስጋና አለ።»

«ስማቸውን።»

«ሰማኒያ ስም ማን ያነብባል? ማተሚያ ቤቱስ ይህን ሁሉ ገጽ ጨምር ብለው ምን ይለኛል? ደግሞ ሽማግሌዎቹ አያነብቡም፤ ማን ይጠይቃል?»

ሁለቱን ሣጥኖች አንዱን በአንዱ ላይ ደራርቤ ተነሣሁ።

«ካርዱን ከፈለግሽው ውሰጂው» አለኝ። «እኔ ገልብጬዋለሁ።»

መጽሐፉ በክረምቱ መግቢያ ወጣ። ቀጭን ነው። በሽፋኑ ላይ የመምህሩ ስም አለ፤ በመግቢያው ላይ ባለቤቴ «ነፍሱን ይማርና አንዳንድ ማስታወሻ በማሰባሰብ የረዳኝ» ተብሏል። አንድ ቅጂ ይዞልኝ መጣ፤ በውስጥ ገጹ ላይ «ለእትዬ፣ በአክብሮት» ብሎ ፈርሞበታል። ቁጭ በል አላልኩትም። እሱ ከሄደ በኋላ መጽሐፉን በጋዜጣ ጠቅልዬ ከቁም ሣጥኑ ላይ፣ ከማልደርስበት ቦታ አስቀመጥኩት። ሳየው ጥርሱን የሚጎረጉር ሰው ይታየኝ ነበር።

ከመስቀል በኋላ ግን በርጩማ ላይ ቆሜ አወረድኩትና ለቡ ሄድኩ። የሽማግሌው ካርድ መስቀል አልነበረውም፤ ቄሱም አላደረጉበትም። ሚኒባሱ ጭቃው ከሚጀምርበት አውርዶኝ ቀሪውን በእግሬ ሄድኩ። ሽማግሌው ደጃፋቸው ድንጋይ ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። በፊት ከደጃቸው ወንዙ ድረስ ይታይ ነበር፤ አሁን ያላለቀ ብሎኬት ግድግዳ ነው የሚታየው። የባለቤቴን ሞት ነገርኳቸው። እጄን ይዘው ቆዩ፤ ከዚያ በኦሮምኛ፣ «ያ ጉዳይስ?» አሉ።

«መጽሐፍ ሆነ» አልኩ።

«አንብቢልኝ።»

የበሬውን ገጽ እየተረጎምኩ አነበብኩላቸው። በሬው ሲተኛ እንደ ልጅ ሳቁ። ስጨርስ ቀኝ እጃቸውን ዘረጉ።

«ስሜ የቱ ጋ ነው?»

እውነቱን ልነግራቸው ነበር የሄድኩት። ታክሲ ውስጥ ስዘጋጅበት ነበር። አፌን ስከፍት ግን ጣታቸው ገጹ ላይ ስማቸውን መፈለግ ጀምሮ ነበር። ጣታቸውን ያዝኩና «አበው እንደሚሉት» የሚለው ላይ አስቀመጥኩት፤ ከመጀመሪያው ፊደል እስከ መጨረሻው ሳብኩት።

«እዚህ ነው» አልኳቸው።

ራሳቸውን ነቀነቁ።  ተሰናበትኳቸው። ወደ መንገዱ ስወርድ፣ ከብሎኬቱ ግድግዳ ጥግ ቆሜ አስታወክሁ። በባዶ ሆዴ ስለነበርኩ የወጣው ውኃ ብቻ ነው። መምህሩ በጽሑፍ የዋሸውን እኔ በሽማግሌው በገዛ ጣታቸው ዋሸሁ። አፌን በነጠላዬ ጠርጌ ተመለስኩ።

ሽማግሌው ከድንጋዩ አልተነሡም። ስደርስ ቀና ብለው አላዩኝም።

«ስምዎ የለም» አልኳቸው። «ያሳየሁዎት ሌላ ቃል ነው። ሰውየው የማንንም ስም አላስገባም።»

«አውቄያለሁ» አሉ።

«በምን አወቁ?»

«ያን ጊዜ ባልሽ ጣቴን ያኖረበት ስም አጭር ነበር፤ ጣቴ እንኳ ሸፍኖት ነበር። አንቺ እስከ ወንዙ ወሰድሽኝ።» ከዚያም፣ «ተመልሰሽ ባትመጪ ኖሮ ነው የሚከፋኝ» አሉ። «እርሳስ አለሽ?»

እስክሪብቶ ነበረኝ። ባለቤቴ በተማሪ ፈተና ላይ ቀይ ምልክት ያደርግበት የነበረው ነው። መጽሐፉን ጉልበታቸው ላይ ዘርግቼ «አበው እንደሚሉት» የሚለውን በአንድ መስመር ሰረዝኩት፤ ከበላዩ የእሳቸውን ስም ከነአባታቸው፣ ቀጥሎም ከአክስታቸው እንደሰሙ ጻፍኩ። ጣታቸውን አኖርኩበት።

«ይሄ ነው» አሉ። እዚያው እንዳሉ ደግሞ፣ «ያንቺስ የት ነው? ያን ጊዜ ስታወሪለት የነበርሽው አንቺ ነሽ» አሉኝ።

«የለም።»

«እንግዲያ መጀመሪያ ስምሽን አታጽፊውም ነበር?» ብለው ሳቁብኝ። ጥርስ የላቸውም።

ቤቴ ስደርስ የቀረኝን አንድ የፋይል ሽፋን አውጥቼ በመዳፌ ልክ ቆረጥኩ። በሰዎቹ ሣጥን ውስጥ ከመጨረሻው ቁጥር ቀጥሎ ያለውን ቁጥር ጻፍኩበት፤ ስሜን፣ የአባቴን ስም፣ ላፍቶ መወለዴን፣ ከፊሉን በዓይኔ ማየቴን፣ ከፊሉን ከእናቴ መስማቴን። ለእናቴም ሌላ ካርድ ቆረጥኩ፤ ከስሟ አጠገብ መስቀል አደረግኩ። ከዚያ አሥራ ዘጠኙን ካርዶች አውጥቼ የመጀመሪያውን፣ የድንጋዩን፣ ፊቴ አስቀመጥኩ። የባለቤቴ የእጅ ጽሑፍ ከላይ ነው፤ ጥሩ የእጅ ጽሑፍ ነበረው። በባዶው መስመር ላይ ቁጥሬን ለመጻፍ ረጅም ጊዜ ወሰደብኝ። ጻፍኩት። ሁለተኛውን በማግሥቱ። አሁንም በቀን ከአንድ በላይ አልችልም፤ ጽሑፉን ሳየው አንዳንዴ እቆጣለሁ፣ አንዳንዴ ደግሞ ቀለሙ ላይ ጣቴን አሳርፌ እቆያለሁ።